ይድረስ ለልጄ፦ ስለ «ፔፐር»

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእንግሊዝኛው የምግብ አሠራር «አንድ የሻይ ማንኪያ ፔፐር» ሲል በርበሬ ነው ወይስ ቁንዶ በርበሬ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ምንም ቅጽል ሳይኖረው እንዲሁ «ፔፐር» ካለ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነው። ግራ መጋባትሽ ግን ልክ ነው፤ እንግሊዝኛ በዘር የማይገናኙ ተክሎችን በዚህ አንድ ስም ይጠራል።

ስሙ ከሕንድ የመጣ ነው። በሳንስክሪት «ፒፓሊ» ይባል የነበረው ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ሳይሆን የእኛ የጥምዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ያ ጥቃቅን ፍሬዎቹ ተጣብቀው ዘንግ የሚመስሉት ቅመም። ግሪኮች «ፔፔሪ» አሉት፣ ሮማውያን «ፒፐር»፣ የጥንቱ እንግሊዝኛ «ፒፖር»። እየቆየ የዚህ የሕንድ ጥምዝ ስም ለቁንዶ በርበሬም ሆነ። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደጻፈው አንድ ሊብራ (የሮማውያን የክብደት መለኪያ) የሕንድ ጥምዝ 15 ዲናር ሲያወጣ፣ ነጩ ቁንዶ በርበሬ 7፣ ጥቁሩ 4 ዲናር ነበር። በ408 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሮምን የከበበው የጎቶች ንጉሥ አላሪክ ከወርቅና ከብሩ ጋር 3000 ሊብራ ቁንዶ በርበሬ ጠይቋል።

ስሙ የተዛባው በኮሎምበስ ጊዜ ነው። በ1492 የሕንድን ቅመም ፍለጋ ወጥቶ ካሪቢያን ደረሰ፤ እዚያ ሰዎቹ «አሂ» የሚሉትን የሚያቃጥል ፍሬ አገኘና በጥር 1493 «ይህ የእነሱ ቁንዶ በርበሬ ነው» ብሎ በማስታወሻው አሰፈረ። ቀዩ በርበሬ፣ ቃሪያውና ሚጥሚጣው ሁሉ የዚያ ፍሬ ዘሮች ናቸው። ወደ አገራችንም የገቡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ልዩነቱ ድስት ውስጥ ይታያል። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ በዘይትና በቅቤ እንጂ። በርበሬው ከቁሌቱ ጋር በደንብ የሚበስለውም ለዚህ ነው፤ እንዳያርና እንዳይመር ውሃ ጠብ እያደረግሽ አማስዪው። የቁንዶ በርበሬ መዓዛ ግን በሙቀት ይበናል። ስለዚህ ሙሉ ፍሬውን ግዢና ወጡ ሊወርድ ሲል ፈጭተሽ ጨምሪው። ለግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው።

ፍሬውን ስትገዢ ጥቂቱን ውሃ ላይ በትኚ። ጥሩው ይሰምጣል፤ ባዶ ቅርፊትና ለማጭበርበር የሚቀላቀል የደረቀ የፓፓያ ዘር ይንሳፈፋል። ነጩ ቁንዶ በርበሬ ሌላ ተክል አይደለም፤ የበሰለው ፍሬ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቆዳው የተላጠ ነው። አዘፋዘፉ ከተበላሸ የበረት ሽታ ይይዛል፤ አሽትተሽ ግዢ።

«ካየን ፔፐር» ደቆ የተፈጨ የሚያቃጥል በርበሬ ነው፤ ጨውና ኮረሪማ ስለሌለው በሚጥሚጣ ፈንታ ብትጠቀሚበት ይጎድለዋል። «ቤል ፔፐር» የማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያ ነው። «ፒንክ ፔፐር» ከሁለቱም ወገን አይደለም፣ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ፍሬ ነው። ከሁሉ የምታሳስተው ኦልስፓይስ የምትባለው ሌላ ቅመም ናት፤ ፍሬዋ ቁንዶ በርበሬ ትመስላለች፣ ግን ተለቅ ትላለች፣ ቆዳዋም ለስላሳ ነው። ቅርንፉድ ቅርንፉድ ስለምትል ወጥ ውስጥ ከገባች ሌላውን ሽታ ሁሉ ትውጣለች።

ለመከለሻ ጥምዝ ካጣሽ የሕንድ ሱቅ ገብተሽ «ፒፕሊ» ወይም «ሎንግ ፔፐር» ብለሽ ጠይቂ፤ የጥንቱ ባለስም ራሱ ነው። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ወጥ አንድ ዘንግ ይበቃል። ጠንካራ ስለሆነ በቀጥታ ወፍጮ ውስጥ አትጨምሪው፤ መጀመሪያ በሙቀጫ ሰበር ሰበር አድርጊው፣ በደረቅ መጥበሻ ለስለስ ባለ እሳት ሽታው እስኪነሳ አሙቂው፣ ሲቀዘቅዝ ፍጪው።

እናትሽ