ሣሩ ለምን ተኛ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለውድ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ስለ ሣር መነስነሻው፣ ስለ ኧርዝ ሽቦውና ስለ አረንጓዴው ከረጢት

ሣር መነስነሻ ማለት ማኬት (የአንድ ቦታ ትንሽ አምሳያ) ላይ የናይለን ክርን እንደ ሣር አቁሞ የሚተክል የእጅ መሣሪያ ነው። ባለፈው ክረምት አራት የሣር መነስነሻ መሣሪያዎች "ተበላሽቷል" ተብለው ወደ ሱቃችን ተመልሰዋል። አራቱንም ፈታትተን አየናቸው፤ አንዱም አልተበላሸም። አንደኛውን ያመጡት ደንበኛችን የባቡር ማኬታቸውን ፎቶ በስልካቸው አሳዩን። ኮረብታው ላይ ያለው ሣር ሁሉ ጋደም ብሏል። "ቡና ሊፈላ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ነው የሚመስለው" አሉን። እውነታቸውን ነው።

ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም፣ የእርሳቸውም አልነበረም። የእኛ ነው። ካርቶኑ ውስጥ የጨመርነው የአማርኛ መመሪያ "መቆንጠጫውን ከብረት ጋር አያይዙ" ይላል። መቆንጠጫው ከመሣሪያው የሚወጣው የኧርዝ ሽቦ ጫፍ ላይ ያለው ነው። ማኬቱ ላይ ያለው ብረት ደግሞ ሐዲዱ ነው፤ ስለዚህ ሐዲዱ ላይ አስነከሱት። ማንም ሰው ያንኑ ያደርግ ነበር። መጻፍ የነበረብን "እርጥቡ ኮላ ውስጥ በተሰካ ሚስማር ላይ ያስነክሱ" የሚል ነበር። ለምን እንደሆነ ቀጥለን እናስረዳለን፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው መመሪያው ቢጠፋበትም አይቸገርም።

ሹራብ ስታወልቁ ፀጉራችሁ የሚቆምበትን ነገር አስቡት። መሣሪያው የባትሪውን ጥቂት ቮልት ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድገዋል፤ የሚያልፈው ከረንት ግን እጅግ ትንሽ ነው። የኤሌክትሪኩ አንዱ ጫፍ ክሩ የሚሞላበት ወንፊት ነው። ሌላው ጫፍ በሽቦው አድርጎ ኮላው ጋ ይደርሳል። የናይለኑ ክር ከወንፊቱ ሲወጣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ባለው ኃይል ይሰለፍና ቀጥ ብሎ በርሮ፣ በአንድ ጫፉ ኮላው ላይ ይተከላል። ችግኝ ነው የምትተክሉት ማለት ነው። ኮላው ከሽቦው ጋር ካልተገናኘ ግን ክሩን የሚስበው ነገር የለም፤ እንደ ዱቄት ይዘንብና ባረፈበት ይተኛል።

ኤምዲኤፍ ጣውላም፣ ፎምም፣ የደረቀ ጀሶም ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አያሳልፉም። መንገዱ ኮላው ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ሐዲዱ ብረት ቢሆንም የተቀመጠው በፕላስቲክ ላይ ስለሆነ ከኮላው ጋር አይተዋወቅም። ኮላችሁን ሁለት ቦታ ቀብታችሁ በመሃል አንድ ጣት ያህል ደረቅ መሬት ካስቀራችሁም ሚስማሩ ያለበት ቁራሽ ሣር ያበቅላል፣ ሌላው ጉዝጓዝ ይሆናል። ሚስማሩን አዛውሩት።

መሣሪያው መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ እኛ ዘንድ መምጣት አያስፈልግም። የጫማ ካርቶን ክዳን ላይ መዳፍ የሚያህል ኮላ ቀቡ፣ ሚስማር ስኩበት፣ መቆንጠጫውን ሚስማሩ ላይ አስነክሱ፣ ወንፊቱን ከላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አስጠግታችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ክሩ ቆመ? መሣሪያው ጤነኛ ነው። ካልቆመ መጀመሪያ አዲስ ባትሪ ሞክሩ።

ስለ አየሩም አንድ ነገር እንበል፤ ይህን ከውጭ የሚመጣው መመሪያ አይነግራችሁም። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው። ክሩ ከልክ በላይ ሲደርቅ ኤሌክትሪኩን በደንብ አይቀበልም፣ ኮላውም ገና ወንፊቱን ሳታነሡ ቆዳ ያበጃል። እኛ ማታ የክሩን ከረጢት ከፍተን እርጥብ ጨርቅ ካለበት ሳፋ አጠገብ እናሳድረዋለን፣ ኮላውን ደግሞ በትንሽ በትንሹ እንቀባለን። በክረምት ተቃራኒው ነው፤ ክሩ ተቋጥሮ ይመጣልና በጣት አፍታቱት። በዚህ ላይ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ብልጭታ ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ይልቅ እዚህ ቶሎ ይዘላል። ጠጥ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወንፊቱ ኮላውን በጣም ተጠግቷልና ከፍ አድርጉት።

"የትንኝ መምቻ ራኬትና የሻይ ማጥለያ አገናኝቼ ራሴ ብሠራውስ?" ብላችሁ የጠየቃችሁን ተማሪዎች አላችሁ። ይሠራል። እቃ ሻጮች ሆነን "አይሠራም" ብንላችሁ እንዋሻለን። ለ2 ሚሊ ሜትር ክር ይበቃችኋል፤ ረጅሙን ግን አቅሙ አይችለውም፣ ግማሹ ያጎነብሳል። ራኬቱ ከጠፋ በኋላም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያልና ሳትፈቱት በፊት ሁለቱን ጫፎች እጀታው ፕላስቲክ በሆነ መፍቻ አነካኩ። ጣታቸውን ያስነኩ አሉ። አይገድልም፣ ግን ያሳድባል።

አሁን ወደ አረንጓዴው ከረጢት እንምጣ። እዚህም ላይ ይቅርታ አለብን።

ብዙውን ጊዜ የምንሸጠው ደማቁን አረንጓዴ ክር ነበር፤ ምክንያቱም መደርደሪያው ላይ ዓይን የሚስበው እርሱ ነው። ለሪል እስቴት ማኬት ምንም አይልም፤ ገዢው ግቢው ለምልሞ ማየት ይፈልጋል። የምድር ባቡርን አሮጌ መስመር ለምትሠሩት ግን ያንኑ መስጠታችን ስሕተት ነበር። ይህን ያስተማሩን አንድ ድሬዳዋ ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር የጨረሱ አባት ናቸው። ሱቃችን ውስጥ ለማሳያ ያስቀመጥነውን፣ ከአዋሽ ወዲያ ያለውን መስመር የሚያሳይ ማኬት ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሐዲዱን በጣታቸው ነካ አደረጉ፣ የውሃ ታንከሩን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው "አቦ፣ ይሄ አዋሽ ነው ወይስ ጅማ?" አሉን። ዝም ስንል "ይህ ባቡር በየትኛው ወር ነው የሚሄደው?" ብለው ጨመሩ።

መልስ አልነበረንም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከማንኛውም ደንበኛ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ እርሱ ሆኗል፦ ቦታው የት ነው? ወሩስ ምንድን ነው?

መስመሩን ታውቁታላችሁ። በ1897 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው 784 ኪሎ ሜትር ነው። በ1፡87 መጠን (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሶ) ሙሉውን ልሥራ የሚል ሰው ቢመጣ 9 ኪሎ ሜትር ጠረጴዛ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሁላችሁም አንድ ቁራሽ ነው የምትመርጡት፣ የሣሩም ቀለም ከዚያ ቁራሽ ጋር ይሄዳል። ከአዲስ አበባ በአቃቂ፣ በቢሾፍቱ አድርጎ እስከ ሞጆ ያለው የእርሻ አገር ነው። መስከረም ላይ አረንጓዴው ከነአደይ አበባው ይፈቀድላችኋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ጤፉ ቢጫ ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ ገለባ ነው። መተሐራ ላይ ስትደርሱ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አለ፤ እዚያ የሣር ከረጢቱን ዝጉትና ከሰል ፈጭታችሁ ተጠቀሙ። አዋሽ ፓርክ ውስጥ ሳላ የሚግጥበት ሜዳ ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ለጥቂት ሳምንት ያረንጓዳል እንጂ አብዛኛውን ዓመት የአንበሳ ቀለም ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ድሬ ስትወርዱ ከሣሩ ይልቅ ግራሩና አሸዋው ይበዛል።

የእኛ ቅልቅል ለአዋሽ በበጋ፦ ሦስት ማንኪያ የገለባ ቀለም፣ አንድ ማንኪያ ቡናማ፣ የሻይ ማንኪያ ጫፍ አረንጓዴ። አረንጓዴውን ለመጨመር እጃችሁ ሲበላችሁ ተዉት።

ርዝመቱ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1፡87 2 ሚሊ ሜትር ክር 17 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሣር ነው፤ ከብት የጋጠው ማለት ነው። 4 ሚሊ ሜትሩ 35 ሴንቲ ሜትር፣ 6 ሚሊ ሜትሩ ጉልበት የሚደርስ 52 ሴንቲ ሜትር ነው። 12 ሚሊ ሜትሩ ከ1 ሜትር ያልፋል፤ ለሰንበሌጥ የሚሆነው እርሱ ነው። የአርክቴክቸር ተማሪዎች ግን ልብ በሉ፦ በ1፡200 ማኬት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ክር 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የቪላው ግቢ አጫጅ ያጣ ይመስላል። ከ1 ሚሊ ሜትር አትለፉ።

በነገራችን ላይ፣ አንዳንዶቻችሁ አሮጌውን መስመር 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ሠርታችሁታል፤ ገበያ ላይ የሚገኘው እርሱ ስለሆነ አንፈርድባችሁም። ይሁንና 16.5 በ87 ሲባዛ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ እርሱ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተመረቀው የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ስፋት ነው። የድሮው 1 ሜትር ስለሆነ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። አባትየው ይህንንም ማየታቸው አልቀረም፤ ስለ ሣሩ እንጂ ስለ እርሱ አልተናገሩንም።

አሠራሩን ባጭሩ፣ እኛ ሱቅ ውስጥ እንደምናደርገው። መሬቱን መጀመሪያ የአፈር ቀለም እንቀባለን እንጂ አረንጓዴ አንቀባም፤ በሣሩ መካከል አጮልቆ የሚታየው አፈር መሆን አለበት። ነጩን ኮላ በጥቂት ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እናቀጥነዋለን። ማስቲሽ ፎም ላይ በጭራሽ እንዳትቀቡ፤ ፎሙን ይበላዋል፣ ኮረብታችሁ ጉድጓድ ይሆናል። ኮላውን በብሩሽ እየጠቆምን ነው የምንቀባው፣ ዳርና ዳሩ እንዳይስተካከል። ከዚያ 2 ሚሊ ሜትሩን እንነሰንሳለን። ወንፊቱ ከግማሹ በላይ በክር መሞላት የለበትም፤ ከተጨናነቀ አይወርድም። ሲወርድ ጎንበስ ብላችሁ በአግድም እዩት። መጀመሪያ ኮላው ነጭ ሆኖ በላዩ ጥቂት ክር ተተክሎ ታያላችሁ፣ ከዚያ ድንገት ዳሩ ሁሉ እንደ ድመት ጀርባ ቀጥ ይላል። ይህን ለማየት ሲባል ብቻ እቃውን የገዙ ደንበኞች አሉን።

ሲደርቅ የአቧራ መጥረጊያ ማሽኑን አፍ በሴት ስቶኪንግ ሸፍናችሁ የተረፈውን ክር ሳቡት። ስቶኪንጉ ውስጥ የቀረው ተመልሶ ወደ ከረጢቱ ይገባል፤ በሻንጣ ከጀርመን የሚመጣ ዕቃ ነው፣ አይጣልም። ከዚያ እዚህም እዚያም የፀጉር ስፕሬይ እየነፋችሁ 4 እና 6 ሚሊ ሜትሩን በጥቂቱ ጨምሩ። ሁለተኛው ዙር ነው ምንጣፍን ሣር የሚያደርገው። ስንት ጊዜ እንደነገርናችሁ እናውቃለን፣ አሁንም በአንድ ዙር የምታቆሙ አላችሁ።

ሁሉንም ቦታ አትሸፍኑ። ጣቢያ ዙሪያ ሰው ይረግጣል፣ ፍየል ይግጣል፣ አህያ ይንከባለላል። ከሐዲዱ ወደ መንደሩ የሚወስድ የእግር መንገድ ባዶ ተዉ። ለማሳያ ማኬታችን ከሠራነው ሁሉ ሰው ቆሞ የሚያየው ይህን መንገድ ነው፤ እርሱ ደግሞ ምንም ያልነሰነስንበት ቦታ ነው።

ሥራው ሲጀመር ሎኮሞቲቩንና ፉርጎዎቹን ከጠረጴዛው ላይ አንሡ፣ የሐዲዱን ኤሌክትሪክ ንቀሉ። ዲጂታል መቆጣጠሪያ ያላቸው ሎኮሞቲቮች ይህን ያህል ቮልት ድንገት ቢነካቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ሐዲዱን በቀለም ቀቢዎች ቴፕ ሸፍኑት፤ በተለይ ሐዲዱ የሚቀያየርበትን ቦታ። አንዲት የናይለን ክር እዚያ ብትገባ ባቡሩ ይስታል፣ የሎኮሞቲቩ ማርሽ ጥርስ ውስጥ ብትጠመጠም ደግሞ ሞተሩን ማውጣት ግድ ይሆናል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው መነስነሻውን አይያዝ፤ ይህን በዋዛ እንዳታዩት።

ለተፈጠረው መጉላላት የምናደርገው ይህ ነው። መሣሪያቸውን መልሰው የፍተሻ ክፍያ የከፈሉን አራቱ ደንበኞች ገንዘባቸው ይመለሳል፤ ደውለንላቸዋል። የተስተካከለው መመሪያ ከኧርዝ ሚስማሩ ሥዕል ጋር ለሁላችሁም በነፃ ይሰጣል። ያልተከፈተ የደማቅ አረንጓዴ ከረጢት ያላችሁ እስከ ጥር መጨረሻ በገለባ ቀለም ወይም በቡናማ መቀየር ትችላላችሁ፤ የተከፈተውን ግን አንቀበልም፣ ከምን ጋር እንደተደባለቀ አናውቅምና። ዋጋ አልጨመርንም።

ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ እየነሰነስን እናሳያለን። መሣሪያችሁንና አንድ ቁራጭ ካርቶን ይዛችሁ ኑ፤ ኮላውና ሚስማሩ ከእኛ።

ከሰላምታ ጋር
የማኬት ቤቱ ሠራተኞች