ለአባዬ፣ ከቲሚሾአራ

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ሁለት የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲያወራ ያፏጫል። ትንሿ ዋና ጀምራለች። መነጽሯን እራት ላይ እንኳ አታወልቅም። አያታቸው ያስተማሯቸውን ዘፈን አሁንም ይዘፍናሉ፤ ግጥሙን ግን አበላሽተውታል።

የት ሆኜ እንደምጽፍ ቢገምቱ አያገኙትም። ሮማኒያ፣ እርስዎ የተማሩባት ቲሚሾአራ ነኝ! ከቪየና በመኪና መጥተን፣ የእርስዎ ኦፔራ ቤት ፊት ለፊት ካፌ ተቀምጫለሁ። ልጆቹ አደባባዩ ላይ እርግብ ያባርራሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚሁ አጠገቧ ስኖር አልመጣሁም ነበር። ዘንድሮ ለምን እንደመጣሁ ኋላ እነግርዎታለሁ።

ሰገነቷን አየኋት። አባዬ፣ ትንሽ ናት! እርስዎ ሲያወሩ የሆነ የቤተ መንግሥት ሰገነት ነበር የሚመስለኝ።

ሕንጻው ሁለት መልክ አለው ያሉት ግን ልክ ነው። ከአደባባዩ ሲያዩት ቤተ ክርስቲያን ነው ቢሉዎት ያምናሉ። ወደ ጎን ዞር ሲሉ ደግሞ የቪየና ቤት ይሆናል። የሠሩት ፌልነርና ሄልመር የሚባሉ የቪየና አርክቴክቶች ናቸው፤ በ1875 ተከፈተ። ቪየና ያለውን ፎልክስቴአተር የሚባለውን ቲያትር ቤትም የሠሩት እነሱው ናቸው። ስንት ዓመት በትራም ሳልፈው፣ የእርስዎ ቤት ታናሽ ወንድም መሆኑን አላውቅም ነበር። በ1880 ተቃጠለ፣ ታደሰ። በ1920 ደግሞ ተቃጠለና የድሮው መልክ በጎንና ጎኑ ብቻ ቀረ። የአሁኑን ፊት ያለበሰው ዱይሊዩ ማርኩ የሚባል ሮማኒያዊ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው፣ ግራ እንዳይገባዎት።)

የገረመኝ የኦፔራ ቡድኑ ከቤቱ በጣም ታናሽ መሆኑ ነው። በ1940 የሮማኒያዋ ከተማ ክሉዥ ለሃንጋሪ ስትሰጥ፣ የክሉዥ ኦፔራ ተሰዶ እዚህ መጣ። አምስት ዓመት ዘፍኖ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ከተማዋ ለምዳ ኖሯል፤ ያለ ኦፔራ መኖር አልቻለችም። በ1946 ንጉሥ ሚሃይ አዋጅ ፈረሙና የራሷን አገኘች። በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ መጋረጃው ሲከፈት የቀረበው ምን ይመስልዎታል? “አይዳ”። ይህን ነግረውኝ ያውቃሉ? ወይስ ነግረውኝ አልሰማሁም?

ዛሬ ኦፔራው፣ የሮማንያኛው፣ የጀርመንኛውና የሃንጋሪኛው ቲያትር አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። የልጆቼ አባት የጀርመንኛውን ማስታወቂያ ጮክ ብሎ ሲያነብ ትንሿ ቲያትር የሚሠራ መስሏት አጨበጨበች። የልጆቼ አባት እያልኩ የምጽፈው ስሙን እንዳልጠራብዎት ነው። ለምደነዋል መቼም።

ዲሴምበር 20 ቀን 1989፣ በአገዛዙ ላይ ተነሥቶ ከየፋብሪካው የወጣው ሠራተኛ አደባባዩን ሲሞላ፣ ወታደሩ ሲያፈገፍግ፣ ከዚች ሰገነት ላይ ከተማዋ ነጻ ወጣች ሲባል እዚያ ነበርኩ ይሉናል። የአገሪቱ ገዢ ቻውሼስኩ ገና ሥልጣን ላይ ነበር፤ የሸሸው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እማዬ ግን “ዶርም ውስጥ አልጋ ሥር ነበረ” ትል ነበር፣ ነፍሷን ይማርና። ማንኛችሁን እንደማምን እስከዛሬ አልወሰንኩም። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት በዚህ አደባባይ ሰው ተገድሏል። አልጋ ሥር ቢሆኑም አልፈርድብዎትም።

እኔ ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስወለድ “አይዳ በሏት” ብለው በደብዳቤ ስም ላኩ። እርስዎ የመጡት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እማዬ ቀሚስ አልብሳ “ሂጂ እንግዳውን ሳሚ፣ ‘እርስዎ’ በይ” አለችኝ። ይኸው እስከዛሬ እርስዎ ነዎት። እሷን አንቺ፣ እርስዎን እርስዎ።

ትናንት ማታ ልጆቹ ሲተኙ “አይዳ”ን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት፣ ትርጉሙን እየተከተልኩ። ሦስተኛው ክፍል ላይ የኢትዮጵያው ንጉሥ አሞናስሮ ልጁን አይዳን፣ የምትወደውን የግብፅ ጦር አዛዥ ሚስጥር አውጪ ይላታል። እምቢ ስትለው ምን አላት? “ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ።” ጆሮ ማዳመጫውን አወለቅሁት።

ይህን ቃል ከየት እንዳመጣኸው ገባኝ። ስልክ ላይ “ፈረንጅ ካገባሽ ልጄ አይደለሽም” ስትለኝ፣ ስንት ጊዜ ቁጭ ብለህ ስትሰማው ከርመህ ነው? ስም ያወጣህልኝ ከዚያው ዘፈን፣ ስም የነሳኸኝም ከዚያው። ለልጆቼ ከረሜላ ልከሃል፣ በቪዲዮ ትስቃለህ፣ እኔንም ስለ በረዶው ትጠይቀኛለህ። ያቺን ቃል ግን አላነሳሃትም። እኔም አላነሳኋትም። አሥር ዓመት።

ይቅርታ፣ አንተ አልኩዎት። ልሰርዘው ነበር፤ ይቅር።

የመጣሁበትን ልንገርዎት። ወንድሜ ነገረኝ። ሰኞ ለፕሮስቴት ኦፕሬሽን እንደሚገቡ አውቃለሁ። “እንዳትነግራት” እንዳሉትም አውቃለሁ፤ አይቆጡት። የደም ማቅጠኛውን ክኒን ስንት ቀን አስቀድመው እንደሚያቆሙ ሐኪሙን ይጠይቁ። በራስዎ እንዳያቆሙ ደግሞ! የስኳር መለኪያውን ይዘው ይግቡ። የላክሁት ፒጃማ ሰፊ ነው፣ አዲሱን አልለብስም ብለው አሮጌውን እንዳይዙ። እሁድ ሌሊት አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። አትምጪ ቢሉኝም እመጣለሁ። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ይቀራሉ።

ለትልቁ የሰገነቷን ፎቶ አንስቼ “አያትህ እዚህ ነበሩ” አልኩት። “ሰገነቱ ላይ?” አለኝ። “አይ፣ ታች” አልኩት። “የት ጋ?” ሲለኝ መልስ አጣሁ። ፎቶውን አሳጥቤ አመጣልዎታለሁ፤ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጉበታል። አልጋ ሥር ከነበሩም የዶርሙን አቅጣጫ ያሳዩኛል።

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። ስልኩን ለወንድሜ አትስጠው፣ ራስህ አንሳው።

ልጅህ
አይዳ