«መንገዱ ቀላል ነው» ስትሉ የጎደለው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ሰው የሚጋፋበትን ፏፏቴ ትታችሁ፣ ወንዝ ዳር ዳሩን ተሂዶ የሚደረስበትን ጭር ያለውን መጠቆማችሁ ያስመሰግናል። ሆኖም «መንገዱ ቀላል ነው» ብላችሁ ስታልፉ ብዙ ነገር ይጎድላል። ቀላል የሚያሰኘው ርቀቱ ማጠሩና ዳገቱ ማነሱ ነው። አስጊው ቦታ ደግሞ መጨረሻው ላይ፣ የፏፏቴው ርጭት የሚያርፍበት ነው።

እዚያ ድንጋዩ ስለማይደርቅ የሚያንሸራትት አልጌ ይይዛል። ጠቁሮ የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን ሻካራውንና ደረቁን መርጦ፣ እርምጃን አሳጥሮ፣ ሙሉ ውስጥ እግርን አሳርፎ መርገጥ ይገባል። የሶሉ ጥርስ ያለቀ ጫማ ለዚህ ቦታ አይሆንም። ከፏፏቴው ሥር መዋኘት ደግሞ ፈጽሞ አይመከርም። አረፋው አየር የተቀላቀለበት ስለሆነ ሰውን እንደ ተራ ውሃ አያንሳፍፍም፤ አዙሪቱም ወደ ፏፏቴው መልሶ ይስባል፤ ከላይም ድንጋይ ሊወርድ ይችላል። ከአፋፉ በላይ ያለው ውሃ ረጋ ያለ ቢመስልም እግር ማስገባት አይገባም።

ወንዙ የሚሞላው ወደ ምንጩ በኩል በጣለው ዝናብ ነውና የቆሙበት ቦታ ሰማይ መጥራቱ ዋስትና አይሆንም። ጥርት ያለው ውሃ ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ድምፁም ከከበደ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይቆዩ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። በወንዙ ዳር ወደ ታች መሮጥ አያድንም፤ ደራሽ ውሃ ይቀድማል። መሻገሪያው ከጉልበት ካለፈ መመለስ ይሻላል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ጠዋት በቀላሉ የተሻገሩት ከሰዓት በኋላ ላያሻግር ይችላል።

ጉዞው የሚፈጀውን ሰዓት ለመገመት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፤ በግርድፉ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ 1 ሰዓት። ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር ሆኖ 120 ሜትር የሚያስወጣ መንገድ 84 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ዕረፍት አልተቆጠረበትም፤ ልጆች ካሉ 2 ሰዓት ተኩል መያዝ ነው።

ጭር ያለ ቦታ አጥርም፣ ጠባቂም፣ የስልክ ኔትወርክም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የሚመለሱበትን ሰዓት ለሰው ነግሮ መሄድና ፊሽካ መያዝ ያስፈልጋል፤ ፏፏቴ አጠገብ ጩኸት አይሰማም።

እንግዲህ በየጽሑፋችሁ የደርሶ መልሱን ርቀት፣ የዳገቱን ሜትርና መሻገሪያ መኖር አለመኖሩን አስፍሩልን። መንገዱ የታየበትንም ወር ጨምሩ፤ በበጋ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ መሻገሪያ በክረምት ወገብ ሊውጥ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዳችሁ ተከታታይ