ለደንበኞቻችን፦ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር ከአፑ ላይ ለምን እንደምናነሳው

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣

በሚቀጥለው አፕዴት፣ ለፊዚዮቴራፒ ልምምድ ሰውነታችሁ ላይ የምታስሩት ሴንሰር ለክቶ አፑ ላይ የምታዩት የጉልበት፣ የዳሌና የትከሻ ዲግሪ ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር አይኖረውም። እስካሁን 87.4 ይል የነበረው ከአሁን በኋላ 87 ብቻ ይላል፣ ከስሩ ደግሞ ያለፉት ሰባት ቀናት አማካይ በወፍራም መስመር ይታያችኋል። ለሙከራ የላክንላችሁ አንዳንዶቻችሁ "ቁጥሩን ለምን ቆረጣችሁብን፣ ሴንሰሩ ደከመ እንዴ" ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ሴንሰሩ ያው ነው፣ ምንም አልሆነም። ግን ለምን እንደወሰንን በደንብ ማስረዳት ስላለብን ነው የምንጽፍላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱን።

እግራችሁ ላይ በምታስሯት በእያንዳንዷ ትንሽ ሴንሰር ውስጥ ሶስት መለኪያ አለ። አንዱ አክስለሮሜትር ነው፣ ፍጥነት ሲጨምርና ሲቀንስ ያነባል፣ የመሬት ስበትንም ስለሚያነብ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳን 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አካባቢ ያሳያል፣ በዚህ ምክንያት "ታች" የቱ ጋር እንደሆነ ያውቃል። ሁለተኛው ጋይሮስኮፕ በሰከንድ ስንት ዲግሪ እንደዞራችሁ ይለካል። ሶስተኛው ማግኔቶሜትር፣ ማለትም ኮምፓስ ነው። ልብ በሉ፣ ከሶስቱ አንዱም የጉልበታችሁን አንግል በቀጥታ አይለካም። ጭን ላይ ያለው ሴንሰር ጭኑ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ቅልጥም ላይ ያለው ደግሞ ቅልጥሙ ወዴት እንዳዘነበለ ይገምታል፣ ከዛ ሶፍትዌሩ ሁለቱን አስተያይቶ ልዩነቱን "የጉልበት አንግል" ብሎ ይሰጣችኋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር በስሌት የመጣ ግምት ነው። ጥሩ ግምት ነው ግን ግምት ነው።

ግምቱ የሚበላሽባቸው መንገዶች ደግሞ አሉ። ጋይሮው ጎበዝ ነው፣ ፈጣን እንቅስቃሴ አያመልጠውም፣ ችግሩ ትንሽ ስህተት እያጠራቀመ መሄዱ ነው፣ ዓይንን ጨፍኖ እርምጃ እየቆጠሩ እንደመሄድ በሉት። እግራችሁ ሳይንቀሳቀስ በሰከንድ 0.05 ዲግሪ እየዞርኩ ነው ብሎ ቢያስብ በደቂቃ 3 ዲግሪ ይስታል፣ የሚያርመው ከሌለ በ20 ደቂቃ ልምምድ 60 ዲግሪ ይደርሳል። የሚያርመው አክስለሮሜትሩ ነው፣ "ታች እዚህ ጋር ነው" እያለ ይመልሰዋል። ይሄን ማራረም ከሚሰሩት ስሌቶች አንዱ ካልማን ፊልተር ይባላል፣ በ1960 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፣ አፖሎ ወደ ጨረቃ ሲሄድ መንገዱን ያሰሉበትም በሱ ነው፣ ዛሬ ጉልበት ላይ ታስሮ ይሰራል። ግን አክስለሮሜትሩ በደንብ የሚያርመው ረጋ ስትሉ ነው፣ እግራችሁን መሬት ላይ ስትመቱ ወይ ስትዘሉ ስበቱንና እንቅስቃሴውን መለየት ይከብደዋል። አፑ በየመሃሉ "ትንሽ ረጋ በሉ" የሚላችሁ ለዚህ ነው፣ እባካችሁ አትዝለሉት።

ኮምፓሱ ደግሞ ብረት አይወድም። የብረት አልጋ፣ ዊልቸር፣ ስፒከር አጠገብ ከሆናችሁ ሰሜኑ ይጠፋበታል፣ በተለይ ወደ ጎን መዞርን የሚመለከቱ ቁጥሮች ይቃወሳሉ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ጀምሩ፣ በቃ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ኤሌክትሮኒክሱ ሳይሆን ቆዳችን ነው። እስኪ አሁን ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አንድ እግራችሁን ወደፊት ዘርጉና መዳፋችሁን ጭናችሁ ላይ አሳርፉ፣ ከዛ እግሩን ሳታነሱ የጭኑን ጡንቻ አጥብቁት። መዳፋችሁ ከፍ አለ አይደል? አጥንቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሴንሰሩ እዛ ቦታ ላይ ቢሆን ኖሮ "ጭኑ ተንቀሳቀሰ" ብሎ ይመዘግብ ነበር። በቪዲዮው ላይ የጭኑን ሴንሰር በውጪው ጎን አድርጉ፣ የቅልጥሙን ደግሞ ከፊት ለፊት አጥንቱ ጠፍጣፋ በሆነበት ላይ አድርጉ ብለን የምንጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የሰውን እንቅስቃሴ የሚለኩት ውድ ካሜራዎች እንኳን ከዚህ አላመለጡም፣ የሚያብረቀርቁትን ትንንሽ ኳሶች የሚለጥፉት እነሱም ቆዳ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያልፈውን ነገር ልንገራችሁ። ስትጀምሩ አፑ "ቀጥ ብላችሁ ቁሙ" ይላችኋል፣ እናንተ ትቆማላችሁ፣ እሱ ያን አቋም ዜሮ ብሎ ይይዘዋል። ጤነኛ ጉልበት ላይ ችግር የለውም። ጉልበቱን ኦፕሬሽን ያደረገ ሰው ግን መጀመሪያ አካባቢ ጉልበቱ ሙሉ ለሙሉ አይዘረጋለትም፣ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ ብሎ 10 ዲግሪ ያህል ታጥፎ ሊሆን ይችላል። አፑ ያንን 10 ዜሮ ካለው ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ በ10 ያንሳል፣ 90 ያጠፈ ሰው 80 እያየ ይበሳጫል። የባሰው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ መዘርጋት ሲጀምር ነው፣ ዜሮው ራሱ ስለሚቀየር እውነተኛው ለውጥ ግራፉ ላይ ሳይታይ ይቀራል! መፍትሄው ቀላል ነው፣ ፊዚዮቴራፒስታችሁ በጎኒዮሜትር፣ ማለት በዛች ሁለት ክንድ ባላት የአንግል ማስመሪያ፣ የቆማችሁበትን ይለኩላችሁና ቁጥሩን "የመነሻ አንግል" የሚለው ቦታ ላይ ያስገቡት። ክሊኒክ ያላችሁ ደንበኞቻችን፣ ይቺን ነገር ታካሚውን ወደ ቤት ከመሸኘታችሁ በፊት አድርጉለት፣ ከሌላው ሴቲንግ ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

ስለ ጎኒዮሜትር ካነሳን፣ "እናንተ 92 ትላላችሁ፣ ባለሙያዋ ለክታ 88 አለችኝ፣ ማንን ልመን" የሚል ጥያቄ በብዛት ይደርሰናል። ሁለቱንም። በእጅም ሲለካ ሁለት ባለሙያዎች አንድን ጉልበት ለክተው እስከ 5 ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ፣ የተለመደ ነው። ሴንሰሩም ዛሬ ያሰራችሁበትና ነገ የምታስሩበት ቦታ በጣት ስፋት ቢለያይ ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። እንግዲህ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር ምን ይሰራል? ያማረ ይመስላል እንጂ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

እኛን ያሳሰበን ግን ስሌቱ ብቻ አይደለም። ትናንት 91.2 ነበርኩ ዛሬ 89.8 ሆንኩ ብለው የሚጨነቁ አሉ፣ ከነሱም ውስጥ ቁጥሩን ለመመለስ ብለው ጉልበታቸውን በግድ የሚያጥፉ አሉ። ሴንሰሩ ህመም አያውቅም፣ እብጠት አያይም። የአንድ ቀን የአንድ ሁለት ዲግሪ መውረድ ምንም ማለት አይደለም፣ የሳምንቱ መስመር ወዴት እያመራ ነው የሚለውን እዩ። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይ ህመሙ ከጨመረ ደግሞ አፑ ምንም ይበል ልምምዱን አቁማችሁ ባለሙያችሁ ጋር ደውሉ። ለመለኪያ ያህል፣ ሜዳ ላይ ለመራመድ ጉልበት የሚታጠፈው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከወንበር በቀላሉ ለመነሳት ደግሞ 90ና ከዛ በላይ ይፈልጋል። ከ87.4 ይልቅ "ከወንበር ሳልደገፍ ተነሳሁ" የሚለው ለኛ ትልቅ ዜና ነው።

ሴንሰሩ ታዲያ ምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ጥቅሙ ባለሙያው በማያያችሁ ሰዓት ነው። ስትሮክ ያጋጠማቸውን ሰዎች እንውሰድ። ክሊኒክ ውስጥ "እጅዎን ያንሱ" ሲባሉ ያነሳሉ፣ ቤት ሲገቡ ግን ሁሉንም ነገር በደህናው እጅ መስራት ይለምዳሉ፣ የደከመው እጅ ቢችልም ስራ ፈት ይሆናል። ሁለቱም የእጅ አንጓ ላይ ሴንሰር ሲታሰር የቱ እጅ በቀን ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ጎን ለጎን ይታያል፣ ይሄን በጥያቄ ብቻ ማወቅ ከባድ ነው፣ ሰው ራሱም ልብ አይለውም። አንድ ማሳሰቢያ፣ ስትራመዱ እጅ ስለሚወዛወዝ የእግር ጉዞ ሰዓቱን ለይታችሁ እዩት፣ ያለዚያ እጁ ብዙ የሰራ ይመስላል። እርምጃ ለመቁጠር ደግሞ በዎከር (በእጅ ይዘው በሚደገፉበት የመራመጃ ፍሬም) ወይ በጣም በዝግታ የምትሄዱ ከሆነ የእጅ አንጓ ላይ አትሰሩት፣ እጅ ዎከሩን ይዞ ስለማይወዛወዝ ብዙ እርምጃ ይዘላል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ እሰሩት።

ቶሎ ቶሎ ልጨርስ። ሴንሰሩን አብርታችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ ጋይሮው ሙቀቱ ሲለዋወጥ ይስታል። ማሰሪያው አይንሸራተት ግን ደም አያስቁም፣ ቆዳቸው የመደንዘዝ ችግር ያለባቸው ሰዎች ጋር ስታወልቁ ቀልቶ እንደሆነ ቤተሰብ ይይላቸው፣ ራሳቸው ላይሰማቸው ይችላል። ቻርጀሩ ማግኔት ስላለው ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሳሪያ) ያላቸው ደረታቸው አጠገብ አያስጠጉት።

ለምርምር ሙሉውን ቁጥር የምትፈልጉ ክሊኒኮች አትስጉ፣ ኤክስፖርት የምታደርጉት ፋይል ላይ ነጥቡም ጥሬ ዳታውም እንዳለ ነው፣ የተነሳው ከስክሪኑ ላይ ብቻ ነው። የድሮው ግራፋችሁም አይጠፋም። አፕዴቱ ስልካችሁ ዋይፋይ ሲያገኝ በራሱ ይወርዳል፣ ልምምድ መሃል ከሆናችሁ እስክትጨርሱ ይጠብቃል። የመነሻ አንግላችሁን አስገብታችሁ የማታውቁ ደግሞ አፑ አንዴ ይጠይቃችኋል፣ ቁጥሩን ካላወቃችሁት በግምት አትሙሉት፣ "በኋላ" የሚለውን ነክታችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ አስለኩት። ማሰሪያው የላላባችሁ አፑ ላይ "ያግኙን" በሚለው በኩል ፎቶውን ላኩልን፣ እንቀይርላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባልደረቦች