ድረ ገጽ በአዳራሽ ሳይሆን በተገልጋዩ ስልክ ይፈተሽ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በኢንተርኔት ስለሚሰጡ አዳዲስ አገልግሎቶች በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ዘገባዎች በጥሞና እከታተላለሁ። በአንድ የክልል ከተማ የጽሕፈትና የኢንተርኔት አገልግሎት የምሰጥ በመሆኔ፣ ሪባን የተቆረጠለት ድረ ገጽ ከምረቃው ማግስት ጀምሮ በተገልጋዩ እጅ ላይ ምን እንደሚሆን በየቀኑ አያለሁ። የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው፤ ድረ ገጾቻችን ሕዝቡ በያዛቸው ስልኮችና ብሮውዘሮች (ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራሞች) ሳይሞከሩ እየተከፈቱ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ሴት ልጃቸውን አስከትለው ወደ ሱቄ መጡ። ልጅቷ የምዝገባ ቅጹን በስልኳ ሞልታ ጨርሳለች፤ «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ግን ልታገኘው አልቻለችም። ስልኩን ተቀብዬ ስመረምረው ቁልፉ በቦታው አለ፤ ቅጹ ለሰፊ ስክሪን የተሠራ በመሆኑ ከስልኩ ቀኝ ጠርዝ ውጭ ቀርቷል እንጂ። ገጹ ወደ ጎን እንዳይንቀሳቀስ ስለ ተደረገም በጣት ስቦ ማምጣት አይቻልም። ስልኩን አግድም ባዞርኩት ጊዜ ቁልፉ ብቅ አለ። እናትየው «ታዲያ ይህን እኛ በምን እናውቃለን?» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ችግሩ ድረ ገጾቹን የሚሠሩት ወጣቶች ሙያ ስለሚያንሳቸው የተፈጠረ አይመስለኝም። አብዛኞቹ ሥራቸውን የሚሞክሩት በሠሩበት ላፕቶፕ፣ በራሳቸው ክሮምና በቢሯቸው ፈጣን መስመር ነው። አንዳንዶቹ በኤጅም ከፍተው ካዩ በኋላ በሁለት ብሮውዘር እንደ ፈተሹ ይቆጥሩታል፤ ሆኖም ኤጅ ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ ከክሮም ጋር በአንድ ሞተር፣ ማለትም ገጹን በስክሪን ላይ በሚስል አንድ ዓይነት የውስጥ ፕሮግራም፣ የሚሠራ በመሆኑ፣ ገጹን በመሳል ረገድ ያው አንዱን ሁለት ጊዜ እንደ መሞከር ነው። የተለየ ሞተር ያላቸው ፋየርፎክስና የአፕል ሳፋሪ ናቸው። በአይፎን ላይ ደግሞ የአፕል ደንብ ሌሎች ብሮውዘሮችም የሳፋሪን ሞተር እንዲጠቀሙ ሲያስገድድ ስለ ኖረ፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ በአይፎኑ «ክሮም» ከፍቶ የአገር ቤት ቅጽ ሲሞላ በውስጥ የሚሠራው ሌላ ነው። እዚህ በላፕቶፕ ላይ ያማረው ገጽ እዚያ ቢበላሽ ሊያስደንቀን አይገባም።

የእኔ ደንበኞች በብዛት የሚጠቀሙት ግን አይፎን ሳይሆን የማስታወሻ አቅማቸው አነስተኛ የሆኑ የአንድሮይድ ስልኮችን ነው። ዳታ ለመቆጠብ ሲሉም ብዙዎቹ ኦፔራ ሚኒን ይመርጣሉ። ይህ ብሮውዘር በከፍተኛው የቁጠባ ስልቱ ሲሠራ ገጹን አስቀድሞ በኩባንያው ሰርቨር ላይ አዘጋጅቶና ጨምቆ ይልካል፤ ስለዚህ ገጹ ከተከፈተ በኋላ በስልኩ ላይ መሥራት የሚገባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች በሙሉ አቅማቸው አይሠሩም። ክልል ሲመረጥ ዞኖቹን፣ ዞን ሲመረጥ ወረዳዎቹን የሚዘረዝረውን የተለመደ ቅጽ በዚህ ስልት ከፍቶ መሞከር ለማንኛውም ባለሙያ በቂ ትምህርት ይሰጠዋል። በሱቄ ካሉኝ ኮምፒውተሮች ሁለቱ ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ናቸው፤ ክሮም ለዚህ ሲስተም የመጨረሻ ያወጣው 109ኛውን እትም ሲሆን እሱም በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነበር። ኮምፒውተሮቹን መቀየር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ዋጋቸውን ደግሞ አንባቢ ያውቀዋል።

የአማርኛው ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። አብዛኛው የገጽ ንድፍ ለላቲን ፊደል ታስቦ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ አማርኛ የሚመለስ ነው። በእንግሊዝኛ ስድስት ፊደል ብቻ የያዘው የቁልፍ ጽሑፍ በእኛ ቋንቋ «ማመልከቻውን ያስገቡ» ሲሆን አሥራ አንድ ፊደል ይሆናል፤ ፊደላችንም ሰፋ ያለ ስለሆነ በጠባብ ስክሪን ላይ ከቁልፉ ተርፎ ይፈስሳል ወይም ግማሹ ይቆረጣል። ጽሑፉ እንዲበቃ ተብሎ ሲያንስ ደግሞ «ሉ»ን ከ«ሊ» መለየት ያቅታል፤ በዚህ የተነሣ ስማቸው በተሳሳተ ፊደል ተመዝግቦ ለማሳረም የተንከራተቱ ሰዎችን አውቃለሁ። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። አንዱ ብሮውዘር የፈረንጁን የቀን መቁጠሪያ ሲዘረጋ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው እትም በፊት የነበረው የማክ ኮምፒውተር ሳፋሪ ባዶ ሳጥን ብቻ ያሳያል፤ ባዶ ሳጥን ያገኘ ሰው በራሱ አቆጣጠር ቀኑን ይጽፍና ዕድሜው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የርክክቡ ሥርዓት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ባለው ርክክብ ላይ የመገኘት አጋጣሚ ነበረኝ። ድረ ገጹ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ታየ፤ የኮሚቴው አባላት የቀለሙን ማማርና የአርማውን አቀማመጥ አይተው ፈረሙ። ሁሉም በኪሳቸው ስልክ ነበራቸው፤ አንዳቸውም አውጥተው አልከፈቱትም። ስለዚህ የጨረታ ሰነዱ ራሱ ድረ ገጹ በየትኞቹ ስልኮች፣ ብሮውዘሮችና የስክሪን ስፋቶች ላይ ተሞክሮ እንደሚቀርብ በስም ሊዘረዝር፣ የመጨረሻው ክፍያም ኮሚቴው በእነዚያው ስልኮች ቅጹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሞልቶ እስኪልክ ድረስ ሊያዝ ይገባል። በኮምፒውተር ላይ የብሮውዘሩን መስኮት አጥብቦ ማሳየት ይህንን አይተካም፤ ስፋቱን ያሳያል እንጂ የስልኩን አዝጋሚነትም ሆነ የአማርኛው ኪቦርድ ሲከፈት የስክሪኑን ግማሽ መሸፈኑን አያሳይም።

ድረ ገጾቹ ቢስተካከሉ የእኔ ገቢ እንደሚቀንስ አልሰውርም፤ ልጅቷ ቁልፉን በራሷ ብታገኘው ኖሮ እናቷ የአገልግሎት ክፍያ ባልከፈሉኝ ነበር። ቢሆንም በመሳቢያዬ ውስጥ ደንበኞች ትተዋቸው የሄዱ፣ እስከ አሁን የሚሠሩ አራት አሮጌ ስልኮች አሉ፤ አንደኛው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ነው። ሥራውን በእነሱ ላይ መሞከር ለሚፈልግ የከተማችን ባለሙያ ያለ ክፍያ አውሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ