ሐሙስ ሐሙስ የሚጫወቱት ሰዎች

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ባንዶቻችን ቶሎ ቶሎ መፍረስ ባለፈው እትማችሁ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዙ እውነት ተናግረዋል። ቀን ቢሮ የሚውል ሰው ማታ መድረክ ቢወጣ ሙዚቀኛ አይባልም፣ እንዲህ ያለ ባንድም ዕድሜ አይኖረውም ማለታቸው ግን አልተዋጠልኝም።

ዕድሜ ከተነሣ አይቀር፣ እኔ በምኖርበት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንድ ባንድ ልጥቀስላቸው። ዘ ሴልደም ሲን ይባላል። የሚጫወተው ብሉግራስ ነው፤ የኬንተኪው ቢል ሞንሮ በ1940ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መልክ ያስያዘው፣ በልማዱ ከበሮ የማይገባበት ሙዚቃ። ከመሣሪያዎቹ አንዱ የሆነው ባለ አውታሩ ባንጆ ከበሮ ላይ አንገት የበቀለ ይመስላል፤ ሥሩም ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ይዘውት የመጡት ነው። ብዙ የሀገሬ ሰዎች የነጭ ገበሬ ሙዚቃ እያሉ ሲንቁት ይህንን ባስታውሳቸው ደስ ይለኛል።

ባንዱ የተጠነሰሰው በ1971 በቤተስዳ፣ ሜሪላንድ፣ በባንጆ ተጫዋቹ በቤን ኤልድሪጅ ምድር ቤት ነው። ቤን በሙያው የሒሳብ (የማቲማቲክስ) ሰው ነበር። ባሱን የያዘው ቶም ግሬይ በናሽናል ጂኦግራፊክ ካርታ ይሠራ ነበር። ዶብሮ የሚባለውን፣ በጀርባው አስተኝተው በብረት እየዳሰሱ የሚያስለቅሱትን ጊታር የሚጫወተው ማይክ ኦልድሪጅ የግራፊክ ሠዓሊ ነበር። ድምጻዊው ጆን ስታርሊንግ ደግሞ ሐኪም። ማንዶሊን ተጫዋቹ ጆን ዳፊ ብቻ ቀድሞም በሙያው ስም ነበረው፤ እሱም የጉዞ ኑሮ አንገሽግሾት በ1969 ካንትሪ ጀንትልመን ከተባለው ባንድ ወጥቶ የሙዚቃ መሣሪያ ይጠግን ነበር።

ስምምነታቸው አጭር ነው፤ በሳምንት አንድ ማታ እንጫወታለን፣ ሲመች ቅዳሜና እሑድ ወጣ እንላለን፣ ሰኞ ሁሉም ወደ ሥራው። የዳፊ የቀድሞ ባልደረባ ቻርሊ ዋለር «እምብዛም የማይታዩት» ልትባሉ ነው ወይ ብሎ ቢቀልድባቸው፣ ቀልዱን ስም አደረጉት፤ ሴልደም ሲን በእንግሊዝኛ ሲሰማ ትርጉሙ ይኸው ነው።

ለረጅም ዓመታት ሐሙስ ማታ የሚገኙት እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ በርችሚር በተባለው ቤት ነበር። በዚያ ቤት ሙዚቃ ሲጀመር ወሬ ይቆማል። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ለጓደኛዬ በአማርኛ አንድ ነገር ሹክ ስለው አጠገባችን የተቀመጡት አሮጊት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። አፈርኩ። ክራር እየተመታ ጥሬ ሥጋ ስንቆርጥና ስለ ቤት ኪራይ ስንጨቃጨቅ ያደግን ሰዎች ነን። ከዚያ ቤን ባንጆውን የሚመታባቸውን የብረት ጥፍሮች አንድ በአንድ ጣቶቹ ላይ ሰካ፤ ቀለበት የሚያደርግ እንጂ ሺህ ጊዜ የሠራውን ሥራ የሚጀምር ሰው አይመስልም ነበር።

ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነበር ብዬ ጸሐፊውን አልሸነግላቸውም። ስታርሊንግ በ1977 ለሐኪምነት ሥራው ሲል ወጣ። በ1995 ደግሞ ኦልድሪጅና ሁለት ባልደረቦቹ ሙሉ ጊዜያችንን ለሙዚቃ እንስጥ ብለው ቼሳፒክ ወደተባለ ሌላ ባንዳቸው ሄዱ። ያ ባንድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈረሰ። በሳምንት አንዴ ይበቃናል ያሉት ዳፊና ኤልድሪጅ አዳዲስ ሰዎች ጨምረው ቀጠሉ። ዳፊ በታኅሣሥ 1996 በድንገት ሞተ፤ ባንዱ ግን አልሞተም። በ2014 የብሉግራስ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። ቤንም በ2024 አረፈ፤ ከመሥራቾቹ አንድም ሰው በሌለበት ስሙ ዛሬም መድረክ ላይ ነው።

የቤን ልጅ ክሪስ ግን የአባቱን መንገድ አልተከተለም። ፓንች ብራዘርስ የተባለ ባንድ ጊታር ተጫዋች ነው፤ እንጀራውም ሙዚቃ ነው፤ ያ ባንድ በ2019 የግራሚ ሽልማት ወስዷል። ይህ እኔን ይደግፋል ወይ ቢሉኝ፣ አይደግፍም። ያደገው ግን ባንጆውን ይዞ ማታ ወጥቶ ጠዋት ሥራ የሚገባ አባት ቤት ነው።

ጽሑፉ ለምን እንደቆጠቆጠኝ ልናገር። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አራት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጋራዥ ውስጥ እንጫወት ነበር፤ እኔ ክራር፣ አንዱ ማሲንቆ፣ ሁለቱ ኪቦርድና ድምጽ። ከመካከላችን አንዱ ወይ ሥራ ለቀን በሙሉ ልብ እንግባበት፣ ወይ እንተወው አለ። ተውነው። ክራሬ ቁም ሣጥን አናት ላይ ስድስት ዓመት አቧራ ጠጥቷል።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለማሲንቆ ተጫዋቹ ደወልኩለት። ሐሙስ ሐሙስ የሌሊት ፈረቃ አለብኝ አለኝ።

ማክሰኞስ? አልኩት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ