ጉዛራን ከማደሳችሁ በፊት ኖራውን አስመርምሩ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ እንዲሁም የጉዛራ ግንብ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች ሁሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ አርኪዮሎጂስት አይደለሁም። የታሪክ መምህርም አይደለሁም። በጎንደርና በባሕር ዳር መሀል ሲመላለስ የኖረ፣ ጉዛራን በሚኒባስ መስኮት እያየ ያደገ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ መዝገብ ቤት አስገብቼ ማኅተም ሊመታበት ይችል ነበር። ማኅተም ከተመታበት በኋላ የት እንደሚደርስ ግን ሁላችንም ስለምናውቅ፣ በአደባባይ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ቅር እንዳትሰኙብኝ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ጉዛራ ላይ አንድ ባልዲ አዲስ ኖራ፣ ወይም እግዜር አያድርገውና አንድ ባልዲ ሲሚንቶ ከመለጠፉ በፊት፣ ከድሮው ኖራ ናሙና ይወሰድ። ዕድሜው ይመርመር። ውጤቱም በአማርኛ ይነገረን።

ይሄ ምን ጥያቄ ነው ትሉ ይሆናል። ታገሱኝ፣ ላስረዳ።

ጉዛራ ያለው እንፍራንዝ አጠገብ ነው፤ ከአስፋልቱ በላይ ኮረብታ ላይ። እላዩ ላይ ሆኖ ጣናን ማየት ይቻላል። ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው፣ በማዕዘኑ ክብ ማማ ያለው፣ ማማው ላይ ጉልላት የተደፋበት። የፋሲልን ግንብ የሚያውቅ ሰው ሲያየው ታናሽ ወንድሙ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። እኛ ግን ታላቅ ወንድሙ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ታላቅ ነው ወይስ ታናሽ? ጭቅጭቁ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

የአገሬው ሰው ግንቡን ያሠሩት አጼ ሠርፀ ድንግል ናቸው ይላል። እሳቸው የነገሡት ከ1563 እስከ 1597 ነው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ የምጽፈው ለማመሳከር እንዲቀል ነው)። ብዙ ጊዜ ለግንቡ የሚሰጠው ዓመት 1571 ወይም 1572 ነው። ታሪኩ ከዘመኑ ጋርም ይገጥማል። የግራኝ አሕመድ ጦርነት ካለቀ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፣ ቱርኮች ምጽዋን ይዘዋል፣ ደቡቡ ከነገሥታቱ እጅ እየወጣ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከሸዋ እየለቀቀ ወደ ጣና ዙሪያ ሲሳብ የምናየው በዚህ ጊዜ ነው። ንጉሡ ክረምቱን በእንፍራንዝ በኩል ጉባኤ በሚባል ቦታ ይከርሙ ነበር። በድንኳን ከተማ ሲዞር የኖረ መንግሥት እዚህ ኮረብታ ላይ የድንጋይ ቤት ቢሠራ ምን ይገርማል?

አካባቢው ራሱ ደግሞ ሀብታም ነበር። ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1700 ከጎንደር ሲመለስ በእንፍራንዝ አልፎ የጻፈውን ሳነብ በጣም ነው የሳቅኩት። ሰዉ ጥርኝ ያረባል፣ ለዝባድ ንግድ፤ 300 ጥርኝ ያለው ነጋዴ አለ ይላል። 300 ጥርኝ! ሽታውን አስቡት። ወደ ነገሬ ልመለስ።

ጉዛራ በእውነት የ1570ዎቹ ከሆነ፣ ጎንደር ከመመሥረቷ ከስልሳ ዓመት በላይ ይቀድማል። ጎንደር የተመሠረተችው በ1636 ነው። ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን አንዱ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ አገራችንን የረገጠው ደግሞ በ1603 ነው። እንግዲህ ማማው፣ ጉልላቱ፣ ባለ ፎቁ የኖራ ግንብ፣ ይሄ ሁሉ ፓኤዝ ከመምጣቱ በፊት እዚህ ነበረ ማለት ነው። "የጎንደርን ግንብ ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት" ለሚለው የሰነፍ ወሬ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። እኔም ለዓመታት በየሻይ ቤቱ የተከራከርኩት በዚህ ነበር።

ከዚያ ስለ ኖራ አነበብኩ። እንቅልፍ አሳጣኝ።

ማኑኤል ደ አልሜዳ የሚባል ኢየሱሳዊ አለ፤ በ1624 መጥቶ እስከ 1633 ድረስ እዚህ የኖረ። እሱ እንደጻፈው በኢትዮጵያ ኖራ አይታወቅም ነበር። ሰዉ ድንጋዩን በጭቃ ነበር የሚያያይዘው። ፓኤዝ ራሱ በ1610ዎቹ ጎርጎራ ላይ ለአጼ ሱስንዮስ ያንን ስመ ጥር ባለ ፎቅ ቤት ሲሠራ ኖራ አልነበረውም። ኖራ የመጣው በ1620ዎቹ፣ ከህንድ የመጣ አንድ ሰው እዚያ አገሩ ሲቃጠል ያየውን ዓይነት ቀላል ድንጋይ እኛ ዘንድ ካገኘ በኋላ ነው። በኖራ የታሰሩት ግንቦች፣ ደንቀዝ ያለው የሱስንዮስ ቤተ መንግሥትም ጭምር፣ ከዚያ ወዲህ ናቸው። የጉዛራ ግድግዳስ በምን ታስሯል? በኖራ።

ችግሩ ገባችሁ?

አልሜዳ ልክ ከሆነ ጉዛራ የሠርፀ ድንግል ሊሆን አይችልም። የፋሲል ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ ይሆናል፣ ታናሽ ወንድም ማለት ነው። ይህን የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። የአሠራሩ ዘይቤ ለጎንደር ግንቦች በጣም ይቀርባል፣ ስድሳ ዓመት የሚለያያቸው አይመስልም ነው የሚሉት። የአገሬው ትውፊት ልክ ከሆነ ደግሞ አልሜዳ ተሳስቷል፤ ወይ አጋንኗል። ሚሲዮናዊ ስለ ራሱ ወገን ሲጽፍ ትንሽ መጨመሩ አዲስ ነገር አይደለም። ያኔ የእኛ ሰዎች ኖራ ማቃጠልን ቢያንስ ሃምሳ ዓመት ቀድመው ያውቁ ነበር ማለት ነው፣ የግንባታ ታሪካችንም እንደገና ይጻፋል።

እውነቱን ልናገር? ልቤ ሁለተኛውን ይፈልጋል። የልቤ ፍላጎት ግን ማስረጃ አይደለም።

የመጀመሪያው እውነት ሆኖ ቢገኝም አንዋረድም እኮ። የሱስንዮስ ዜና መዋዕል የደንቀዙን ግንብ ከሠሩት ውስጥ አብደልከሪም የሚባል የህንድ ሰው ይጠቅሳል። በ1648 ጎንደር የመጣው የየመኑ መልእክተኛ አል ሃይሚም የፋሲልን ቤተ መንግሥት የሠራው ህንዳዊ ነው ብሏል። ፖርቹጋል፣ ህንድ፣ ቱርክ፣ የአገሬው ግንበኛ፣ ሁሉም እጁን ነክሮበታል። ማን ከማን እንደተማረ ለማወቅ ግን መጀመሪያ የቱ ቀድሞ እንደቆመ መታወቅ አለበት።

እሱን የሚነግረን ሰነድ አይደለም። ሰነዱን ስናገላብጥ ኖረናል። የሚነግረን ኖራው ነው።

ኖራ የሚሠራው ድንጋይ በማገዶ ተቃጥሎ ነው። ከማገዶው ፍም ቁርጥራጭ ብዙ ጊዜ ኖራው ውስጥ ይቀራል። ግድግዳው ሲገነባ ያ ፍም ድንጋይና ድንጋይ መሀል ይታሸጋል። በካርቦን ምርመራ ዕድሜውን ለማወቅ ዛሬ ጥቂት ሚሊግራም ይበቃል፣ ከምስር ፍሬ ያነሰ። ኖራው ራሱም ሲደርቅ ከአየር ካርቦን ይስባል፤ እሱም ይመረመራል። ባለሙያዎቻችሁ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። አንድ ናሙና እንደማይበቃም ያውቃሉ፤ በ1571 እና በ1640 መሀል ያለው ሰባ ዓመት ነው፣ ካርቦን ደግሞ በዚህ ዘመን ላይ ቁርጥ ያለ ዓመት አይሰጥም። ስለዚህ ብዙ ናሙና፣ ከተለያየ ግድግዳ፣ ከታችም ከላይም ይወሰድ። የበርና የመስኮት ራስ ላይ የቀረ የድሮ እንጨት ካለ እሱም ይታይ። መሠረቱ አጠገብ ጠባብ ጉድጓድ ተቆፍሮ ግንበኞቹ የጣሉት ፍርስራሽና የሸክላ ስባሪ ይፈለግ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኖራው የተቃጠለበት ምድጃ። ያን ያህል ግድግዳ ያሰረ ኖራ ከሩቅ በአህያ ተጭኖ መጣ ብሎ ማመን ይከብደኛል። ምድጃው አካባቢው ላይ ከተገኘ፣ አመዱ ውስጥ ያለው ከሰል ከሁላችንም የሻይ ቤት ክርክር ይበልጣል።

አይቻልም አትበሉኝ። ከ2006 ጀምሮ ከማድሪድ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች ደንቀዝን፣ አዘዞንና ጎርጎራን ለዓመታት አጥንተዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለጉዛራ የመኪና መንገድ ነው። የአገሪቱና የክልሉ ሁኔታ አሁን ለቁፋሮ እንደማይመች አልክድም፤ እኔም መንገዱን በፈለግሁት ቀን አልሄደውም። ግን እኔ ቁፋሮው ነገ ይጀመር አላልኩም። ጥገናው ምርመራውን አይቅደመው ነው ያልኩት።

የምፈራው ጥገናውን ነው። ስማችሁ ሲነሳ "ቅርስ አልጠገኑም" ተብላችሁ ትወቀሳላችሁ፣ እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ይዤ መጣሁ፣ አውቃለሁ። የፋሲል ግንብ እድሳት ሲደረግለት ብዙ ሰው ተደስቷል፤ ቀጥሎ ጉዛራ ይላል ሁሉም። እኔም እላለሁ። ግን ግድግዳ ሲታደስ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? መገጣጠሚያው ላይ ያለው የላላ ኖራ ተፍቆ ይወጣል። ተፍቆ የወጣው በአካፋ ታፍሶ፣ በጋሪ ተገፍቶ ገደል ይደፋል። የጉዛራ ልደት የምስክር ወረቀት በዚያ ጋሪ ላይ ነው ያለው! በአንድ ሳምንት ሥራ አራት መቶ ምናምን ዓመት ጠብቆ የኖረ መልስ ሊጠፋ ይችላል።

ሲሚንቶውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሰው ለማሳጣት አይደለም። አንድ የድሮ የድንጋይ አጥር በሲሚንቶ ተጠገነ፣ ተመርቆም ተጨበጨበ። ሦስተኛው ክረምት ላይ ሄጄ ሳየው ሲሚንቶው እንዳለ ቆሟል፣ ድንጋዩ ግን ፊቱ እንደ ድርቆሽ እንጀራ እየተላጠ ይረግፋል። ነገሩ ቀላል ነው። ኖራ ይተነፍሳል፣ የገባው ውኃ በእሱ በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ይዘጋል። ውኃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ድንጋዩን እየበላ። ጎንደር ላይ ጣሊያን በ1930ዎቹ በሲሚንቶና በአርማታ የጠጋገነው በኋላ ስንት ሥራ እንደፈጠረ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሌላም ነገር። ጉዛራ የዓለም ቅርስ መሆኑን ስንት ሰው ያውቃል? በ1979 ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን ሲመዘግብ ጉዛራም አብሮ ገብቷል። ይህን ለአንድ የእንፍራንዝ ልጅ ስነግረው "እየቀለድክ ነው?" አለኝ። አልፈረድኩበትም። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ እናንተ ፈቃድ ቅርስ እንዳይጠገን ይከለክላል። ስለዚህ የማንም በጀት ይምጣ፣ የማንም ተቋራጭ ይምጣ፣ የመጨረሻው ፊርማ የእናንተ ነው። ፊርማው ላይ አንዲት መስመር ብትጨመር በቂዬ ነው፤ ናሙና ሳይወሰድና ሳይመዘገብ መገጣጠሚያ እንዳይፋቅ የምትል።

ከተቻለ ደግሞ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ብቻ፣ ሳይነካ ይቆይ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተሻለ ምርመራ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚነካው ነገር ይኑረው። ታፔላ ሲተከልም "በ1571 ተሠራ" ብላችሁ በድፍረት አትጻፉ። ሁለቱንም ጻፉ። ትውፊቱ ይህን ይላል፣ ኖራው ይህን ይላል። ጎብኚ ክርክር ይወዳል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ የወጣሁት ከአጎቴ ጋር ነበር። ዳገቱ ላይ ሁለቴ አረፍን። ግንቡ ጋ ስንደርስ ከብት የሚጠብቅ ልጅ "በእንቁላል የተቦካ ኖራ ነው፣ ለዚህ ነው ያልወደቀው" አለን፤ ጎንደርም እንዲሁ ነው የሚሉት። አጎቴ "ያን ሁሉ ዶሮ ማን መገበው?" ብሎ አሳቀን። እኔ ግድግዳውን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ኖራው ግራጫ ነው፣ ሻካራ፣ አሸዋው ይቆጠራል። ከበሩ በስተግራ፣ ትከሻዬ ቁመት ላይ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ አየሁ። ከሰል ናት። በጥፍሬ ላወጣት እችል ነበር፣ አጎቴ እጄን ያዘኝ።

እዚያው ነው የተውኳት። ከጋሪው በፊት ድረሱላት።

አክባሪያችሁ